ለናሙና የተከፈተ ክምር

በ2089 ዓ.ም. ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ በጅሩ ሁለት መቶ አሥራ አራት የስንዴ ክምሮች በአንድ ጠዋት ሞቱ። ሞቱ የሚለው ቃል የእኔ አይደለም፣ የማዕከሉ ነው። ክምሮቹ እንደቆሙ ነበሩ፤ እንዲያውም አንዳንዶቹ ላይ ዶሮ ወጥታ ትጭር ነበር። ግን የሰብል ዋጋ ማዕከል ሞተ ያለው ሰብል ሞቷል፤ የሚቀረው እኔ ሄጄ አውራ ጣቴን ማሳረፍ ነው።

የሥራዬ መጠሪያ የእጅ ምስክር ይባላል። ድሮ፣ ሰው መሣሪያን በማያምንበት ዘመን፣ የማንኛውም ሰብል ግምት በሰው እጅ ይረጋገጣል የሚል ሕግ ወጥቶ ነበር። ሕጉን ለማንሳት ስብሰባ መጥራት ያስፈልጋል፤ ስብሰባ የሚጠራው ክፍል ደግሞ ከተዘጋ ቆየ። ስለዚህ ሕጉም አለ፣ እኛም አለን። ገበሬዎቹ የእጅ ምስክር አይሉንም፤ "አውራ ጣት መጣ" ነው የሚሉት። ልክ ናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት ሳገለግል፣ በመጨረሻዎቹ አሥራ አንድ ዓመታት አንዲት የስንዴ ፍሬ በእጄ ነክቼ አላውቅም። ማኅተሙ የሚፈልገው የጣቴን ሙቀት እንጂ አስተያየቴን አይደለም። ጡረታዬ ሊደርስ አሥራ አራት ወር ቀርቶኝ ነበር።

ክምሮቹ እንዴት እንደሞቱ ልንገራችሁ፤ እንዲህ ያለው ሞት ከጅሩ ሰው በቀር በማንም ላይ አይደርስም።

በየአውድማው ጥግ አንድ ምሰሶ አለ። ዓመቱን ሙሉ ዝም ብሎ ያያል፤ የሚናገረው ሰብሉ ተከምሮ ሲያበቃ ብቻ ነው። ስም ይጠይቃል፣ ቀጥሎ "ሰብልዎ እንዴት ነው?" ይላል፣ በመጨረሻ የሚጨመር ነገር ካለ ይጠይቃል። የተመለሰለት ሁሉ እንደ ቃለ መሐላ ይቆጠራል። የጅሩ ሰው ደግሞ ሰብል እንዴት ነው ሲባል መልሱ ከጥንት ጀምሮ አንድ ነው፤ "ምን ሰብል አለ፣ ጠፋ እኮ።" ክምሩ ከቤቱ ጣሪያ በልጦ እየታየ ጠፋ ይላል። ዓይን ይፈራል፣ ግብር ይፈራል፤ ከሁሉም በላይ ግን ጎረቤቱ ጠፋ እያለ እሱ ብቻውን ሞላልኝ ማለት ነውር ነው።

ማዕከሉ ይህን ጠባይ ለሠላሳ ዓመት ያውቀው ነበር። ከጅሩ "ጠፋ" ሲመጣለት መካከለኛ፣ "ድራሹ ጠፋ" ሲመጣለት እጅግ ጥሩ ብሎ ይመዘግባል። ሁሉም ይዋሻል፣ ሁሉም መዋሸቱን ያውቃል፣ ሥራው ይሄዳል። ዘንድሮ ግን "ዜጋ ይታመናል" የሚል መመሪያ ወጣ። ዜጋን ማመን በእኔ ዕድሜ ሦስት ጊዜ ታውጇል፤ ሦስቱንም ጊዜ የተጎዳው ዜጋው ነው። የጅሩ ማስተካከያ ተሰረዘ፣ ቃላቸው እንዳለ ተወሰደ፣ ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው በገዛ አፉ ሰብሉን ገደለ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባል የለ።

በዚህ ላይ ዝናቡ መጣ። አራት ቀንና አራት ሌሊት ዘነበ። አሁን ታኅሣሥ ቢዘንብ የሚገረም የለም፤ የሚገርመው በየዓመቱ እየዘነበበት ገበሬው አሁንም እንደ አያቱ በኅዳር አጭዶ ሜዳ ላይ መከመሩ ነው። ስለዚህ ስንዴው አልሞተም፣ ደኅናም አይደለም፤ እርጥብ ነው። እርጥብ ስንዴ ዳቦ አይወጣውም። ቶሎ ከተደረሰበት ግን ለከብት ይሆናል። ካልተደረሰበት ክምሩ ከውስጡ ይግላል፣ ይሻግታል፣ በሳምንቱ ለፍግ እንኳ የማይረባ ጥቁር ነገር ይሆናል። የማዕከሉ ደንብ ደግሞ የሞተ ሰብል ታሽጎ፣ የማቃጠያው መኪና እስኪመጣ ዘጠኝ ቀን ማንም እንዳይነካው ያዛል። ይህን ደንብ ያወጣው ሰው ክምር በፎቶግራፍ እንኳ አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ወይዘሮ ኤልዳና አውድማ የደረስኩት ማሸግ በጀመርኩ በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ነው። ከማሽጋቸው ሠላሳ ሰባተኛዋ ነበረች። ስድሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ የጎማ ቦቲ የተጫማች ሴት ናት። ክምሯን ተደግፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከበስተጀርባዋ ካለው በረት ሁለት ሰንጋዎች፣ ቡሬና ዳልቻ፣ አንገታቸውን አውጥተው ያዩኝ ነበር።

ፋይሏን መንገድ ላይ አንብቤው ነበር። የማድለብ ፈቃድ አላት፤ በጅሩ መሬት ይዞ ለመኖር የቀረው ፈቃድ እሱ ብቻ ነው። በየዓመቱ ለየካቲት መባቻ ሁለት ሰንጋ፣ እያንዳንዱ አምስት መቶ ስልሳ ኪሎ ሞልቶ ምሰሶው ፊት መቅረብ አለበት። ዋናው መኖ ከራስ ማሳ ካልሆነ አይቆጠርም። አምና አንዱ ታሞባት ሳይደርስ ቀረ። ሁለት ዓመት ተከታትሎ ያልሞላለት ሰው መሬቱ ወደ ትልቁ ማደለቢያ ይገባል፤ እሱም ከፈለገ እዚያው በረት ጠራጊ ሆኖ ይቀጠራል። ያ ክምር ከተቃጠለ የወይዘሮ ኤልዳና ነገር በዚያው አበቃ ማለት ነው።

"አውራ ጣቱ አንተ ነህ?" አለችኝ ሳትነሳ።

የእጅ ምስክር መሆኔን ነገርኳት።

"እንግዲያው እጅህን አስገባ።"

ክምሩ አንዴ እንደተገመተ፣ እኔ የመጣሁት ለማሸግ ብቻ እንደሆነ በትሕትና አስረዳኋት። ትሕትናችን ሥልጠና የተሰጠን ነው፤ ሦስት ቀን ይፈጃል፣ ምሳ አለው።

"ያላየኸውን ነው የምትመሰክረው?" አለች። "እኛ ሰፈር እንዲህ ያለው ሰው ሌላ ስም አለው።"

እጅጌዬን ሰበሰብኩ። አፍሬ አይደለም፤ ቶሎ ጨርሼ ወደ ሠላሳ ስምንተኛው ለመሄድ ነው። በነዶዎቹ መካከል ክንዴን እስከ ትከሻዬ ሰደድኩት። አንጓዬ ላይ ለብ ይላል፣ ክርኔ ላይ ይሞቃል፣ ጣቶቼ ከደረሱበት ግን እጅ አያስቆይም። ሽታው እንደ ድፍድፍ ነው። አንድ ዛላ መዝዤ አወጣሁና ፍሬውን በጥርሴ ነከስኩት። ለስልሷል፣ ጣፍጧል፣ ከጫፉ ነጭ ሥር ብቅ ብሏል። ሥራውን ስጀምር የምንገምተው እንዲህ ነበር፤ በጥርስ፣ በአፍንጫ፣ በክንድ። ነገሩን የረሳሁት መስሎኝ ነበር።

"ነገ ከሰዓት በኋላ ይጠቁራል" አልኳት። "ዛሬ ቢከፈት ግን ከግማሽ በላዩ ለመኖ ይተርፋል።"

"እሱን አንተ ሳትመጣም አውቀዋለሁ።"

ታዲያ ለምሰሶው ለምን ጠፋ እንዳለችው ጠየቅኳት። "ሞላልኝ ልበል?" ብላ አፈጠጠችብኝ። ሌላ መልስ መኖሩን በእውነት የምታውቅ አትመስልም።

ቀጥሎ ያደረግኩትን ርኅራኄ ነው ብዬ አልዋሽም። ንቀት ነው። ሉሊት የምትባል ኃላፊ አለችኝ፤ ስድስት ዓመት ከከተማ ሆና ስታዘኝ ጅሩን ረግጣ አታውቅም፤ አንድ ጊዜ ነዶ የእንስሳ ዓይነት ነው ወይ ብላ ጠይቃኛለች። ደንቡን የጻፉት የእሷ ብጤዎች ናቸው፤ ደንቡ ውስጥ ደግሞ ማንም የማያነበው አንድ አንቀጽ አለ። የእጅ ምስክር የታሸገ ሰብልን ለምርመራ መክፈት ይችላል፤ በአንድ ቀበሌ ከአንድ ናሙና አይበልጥም፤ የናሙናው መጠን በእጅ ምስክሩ ውሳኔ ይሆናል። የጻፈው ሰው አንድ እፍኝ አስቦ ነው። አንድ እፍኝ ብሎ ግን አልጻፈም።

ክምሩን በአውራ ጣቴ አሸግኩና ምሰሶው ፊት ቆሜ ናሙና እንደምወስድ አስታወቅኩ። መጠኑን ጠየቀኝ። ሙሉ ክምሩን አልኩት።

"የናሙናው መጠን መቶ በመቶ ነው። ትክክል ነው?" አለ ምሰሶው በዚያ ለስላሳ የሴት ድምፁ።

"ትክክል ነው።"

"እናመሰግናለን። ሦስት ቀን አለዎት።"

ወይዘሮ ኤልዳና አላመሰገነችኝም። መንሹን አንስታ ክምሩ ላይ ወጣች።

እኩለ ቀን ሳይሆን አሥራ አንድ ጎረቤት መጣ። ማን እንደጠራቸው አላውቅም። የሁሉም ክምር ታሽጓል፣ ከዘጠኙ ቀን አንዱን ቆጥሯል፣ በውስጡ እየጋለ ነው። አንድ ናሙና ብቻ እንደሚፈቀድ ስነግራቸው ይለምኑኛል፣ ይሰድቡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ለዚያም የሚሆን ትሕትና አዘጋጅቼ ነበር። ጋሽ ያፌት የሚባሉ፣ ሁለት ጥርስ የቀራቸው ሽማግሌ ብቻ ናቸው የመለሱልኝ።

"የኛው ያለቀለት ነው፤ የሷ ይትረፍ" አሉና ሸራቸውን መሬት ላይ ዘረጉ።

ለንቀቴ የማይመቸው ነገር በሦስቱ ቀን ውስጥ ይህ ብቻ ነበር።

ሥራውን ያወቀ ያውቀዋል፤ ላላወቀ በአጭሩ ልናገር። እርጥብ ክምር አንድ ነገር አይደለም፣ አራት ነገር ነው፤ ግምት ማለትም አራቱን መለየት ነው። ከላይ ዝናብ የመታው ነዶ ነው፣ እሱ በቅሏል። ሥሩ ከፍሬው ካልረዘመ ችግር የለበትም፣ እንዲያውም ስኳር አውጥቷል። ከሥሩ ያለው መካከለኛው ነዶ ረጥቧል ግን አልበቀለም፤ በሸራ ላይ ተዘርግቶ በየሰዓቱ ከተገለበጠ ይደርቃል። እምብርቱ ላይ ያለው ሙቀት ቆልቶት እንደ ትንባሆ ቡናማ ሆኗል። እሱ አታላይ ነው፤ ሽታው ደስ ስለሚል በሬ ይሽቀዳደምበታል፣ ሆዱን ይሞላለታል፣ ሥጋ ግን አይሆነውም። መጨረሻው ሻጋታው ነው። ነጩ ይራገፋል። ወደ ሮዝ ያደላው ግን አይሞከርም፤ ከብት ያስወርዳል፣ ሳንባ ይይዛል። አፋችንን በነጠላ ሸፍነን ለብቻው አወጣነውና ቀበርነው።

የበቀለውን ከጤፍ ጭድ ጋር እያፈራረቅን ጉድጓድ ውስጥ ጠቀጠቅነው፤ ሞላሰስ ረጨንበት፣ በእግራችን ረገጥነው፣ አየር እንዳይገባው በላስቲክ ሸፍነን ድንጋይ ጫንበት። የደረቀውን ከጓያ ገለባና ከፋጉሎ ጋር ደባለቅነው፤ ስንዴ ብቻውን በሬን ነፍቶ ይገድላል። ሦስት ቀን ሙሉ ከማንም ሰው አፍ ጥሩ ነገር አልሰማሁም። ጋሽ ያፌት የሚያምር መኖ በእፍኛቸው ይዘው "ይህም መኖ ሆኖ" ይላሉ፤ ወይዘሮ ኤልዳና ጉድጓዱ እስከ አፉ ሞልቶ እያየች "ምን ተረፈና" ትላለች። ይህ ልማዳቸው እየቆየ ያንገበግበኝ ጀመር። ሰብላቸውን ያስገደላቸው አፋቸው ሆኖ ሳለ አሁንም አልተማሩም።

በሦስተኛው ቀን ማታ አካባቢ ቅጹን ለመሙላት ምሰሶው ሥር ተቀመጥኩ። ወይዘሮ ኤልዳና እጇን እየታጠበች መጣችና አጠገቤ ቆመች።

"ጥቂት ጻፍ" አለችኝ። "ናሙና ተወሰደ በልና ተወው። የተጻፈ ነገር ሁሉ ፈላጊ አያጣም።"

ያጠፋቸው እንዲህ ያለው ማጎንበስ እንደሆነ፣ አንድ ቀን እንኳ እውነቱ እንዳለ ቢጻፍ ማንም እንደማይሞት ነገርኳት። ብዙ ተናገርኩ። እሷ እጇን በቀሚሷ አድርቃ ወደ በረቱ ሄደች።

እኔ ጻፍኩ። በሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ያለ ቅጽ አልሞላሁም። የእርጥበቱን መጠን፣ የበቀለውን፣ የተቀበረውን፣ የተረፈውን፣ የተረፈው ለመኖ ያለውን ደረጃ፣ ሁሉንም በእጄ በዳሰስኩት ልክ አስቀመጥኩ። ሠላሳ አንድ ኩንታል ከሚገመተው ክምር አሥራ ስድስቱ አንደኛ ደረጃ መኖ እንደሆነ ሳሰፍር ደረቴ ተነፋ። የቅጹ የመጨረሻ ጥያቄ "ናሙናው አሁን ያለበት መያዣ" ይላል። ዝግጁ ምርጫዎች አሉት፤ ጠርሙስ፣ ከረጢት፣ ሣጥን፣ ሌላ። "ሌላ" የሚለውን ነካሁና "የወይዘሮ ኤልዳና ጉድጓድና የሁለት ሰንጋዎቿ ሆድ" ብዬ ጻፍኩ። ዓረፍተ ነገሯን ወደድኳት። ሉሊት ስታነባት ፊቷ ምን እንደሚመስል እያሰብኩ ብቻዬን ሳቅኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነ ነገር የለም። ሁለት መቶ አሥራ ሦስቱ ክምሮች በየቀናቸው ተቃጠሉ። አምባው ላይ ለአንድ ሳምንት የተቃጠለ ስንዴ ሸተተ፤ ሽታው የሚያስርብ መሆኑ ነው የሚያሳፍረው። ማዕከሉ "ጅሩ ከበሽታ የጸዳ አውድማ" የሚል ዘገባ አወጣ። እኔ እነዋሪ ካለው ቢሮዬ በየአርብ እየሄድኩ ሰንጋዎቹን አያለሁ፤ ምርመራውን እከታተላለሁ እላለሁ፣ ለራሴም ጭምር። ቡሬ ሻኛው ተነስቶ ወደ ጎን መውደቅ ጀመረ። ዳልቻ የጭራው ሥር ሞልቶ ጣት አላስገባ አለ። ወይዘሮ ኤልዳና ከሲታ ናቸው ትለኛለች፤ መኖውን በእጇ እያጎረሰቻቸው ግን አየኋት። በየአርቡ ምሳ ታቀርብልኛለች፣ እበላለሁ፣ ስለ ቅጹ አንስተን አናውቅም። በነዚያ ሳምንታት ሥራዬን እወደው ነበር፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም።

ጥር ሃያ ስምንት ቀን፣ የሚዛኑ ቀን ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሉሊት ደወለች። ድምፅዋ የደስታ ነበር።

"ሪፖርትህ ደረሰን" አለች። "ሁላችንም ወደነዋል። እንዲህ ግልጽ አድርጎ የሚሞላ የለም፤ ለሥልጠና እንጠቀምበታለን።"

አመሰገንኩ። ቀጥላ ነገሩን አስረዳችኝ። ሰብሉ አሁንም በምሰሶው ላይ እንደሞተ ነው የተመዘገበው፤ የሰብሉ ባለቤት ቃሏን አላነሳችም፣ ዜጋ ደግሞ ይታመናል። የሞተ ሰብል ናሙና ምርመራው ሲያበቃ ከነመያዣው ይወገዳል። መያዣዎቹን እኔው ለይቼ ስለጻፍኩላቸው ሥራው ቀሏል። ጉድጓዱና ሁለቱ መያዣዎች ይታሸጉ፣ በዘጠነኛው ቀን የማቃጠያው መኪና ያነሳቸዋል።

በሬዎች ናቸው አልኳት። ቅጹ ላይ በየትኛውም ቦታ በሬ የሚል ምርጫ እንደሌለ ነገረችኝ። መኖው አንደኛ ደረጃ እንደሆነ፣ በእጄ እንደመረመርኩት፣ በሬዎቹ ጤነኞች እንደሆኑ አንድ ባንድ ነገርኳት። ሁሉንም እንዳነበበች፣ በጣም ጥሩ ሥራ እንደሆነ፣ ደረጃው ግን ለሞተ ሰብል የሚሰጥ እንዳልሆነ መለሰችልኝ። አላስፈራራችኝም። ጡረታዬ ስንት ወር እንደቀረው ብቻ ጠየቀችና እሷው መለሰችው፤ አሥራ ሁለት ወር ከምናምን። እኔ እምቢ ብል ሌላ አውራ ጣት ከደብረ ብርሃን በማግስቱ ይመጣል። ይህን ራሴ ለራሴ ነገርኩት፤ ደጋግሜ ነገርኩት። እንዲህ ያለውን ነገር ለራሱ የሚነግር ሰው ምን እንደሚባል አውቃለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሄድኩ። ወይዘሮ ኤልዳና ሰንጋዎቹን ለሚዛን እያባበለች ምሰሶው ሥር ታላምዳቸው ነበር። የመጣሁበትን ስነግራት አላቋረጠችኝም። ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ እርግማንም ቢሆን እወድ ነበር። ዳልቻን አንገቱን እያከከች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

ከመታሸጉ በፊት መያዣ ይመዘናል፤ ደንብ ነው። አንድ በአንድ ምሰሶው ፊት አቆምናቸው። ቡሬ ስድስት መቶ አራት፣ ዳልቻ አምስት መቶ ሰማንያ ሰባት። በሃያ ስድስት ዓመት ካየኋቸው የጅሩ ሰንጋዎች የሚበልጧቸው የሉም። ጆሯቸው ላይ ያለውን ምልክት ያዝኩና አውራ ጣቴን አሳረፍኩ፤ በአንዱ፣ ከዚያ በሌላው። ሁለቱም ዝም ብለው ቆሙልኝ።

"እንኳን ደስ አለዎት፣ ወይዘሮ ኤልዳና" አለ ምሰሶው። "የዘንድሮ ግዴታዎን ከነትርፉ አሟልተዋል። የማድለብ ፈቃድዎ ታድሷል። መያዣዎቹ በዘጠነኛው ቀን ይነሳሉ። እስከዚያ ድረስ ክብደታቸው እንዳይቀንስ መያዣዎቹን በይዘታቸው እንዲቀልቡ ይፈቀድልዎታል።"

ጋሽ ያፌት አጥር ላይ ተደግፈው ነበር፤ ዘወር ብለው ሄዱ።

"ሁለቱንም ነው?" አለችኝ።

"ሁለቱንም።"

"መሬቱስ?"

"መሬቱ ተርፎልዎታል።"

አንገቷን ነቀነቀች። የተናገረችው ነገር ስድብ አልነበረም፣ ድምፅዋም ከፍ አላለም፤ ሥራ እንደምታከፋፍል ሴት ነው የተናገረችው።

"እኔ ለእሳት ከብት አልቀልብም" አለች። መንሹን ከግድግዳው አነሳችና እጄ ላይ አስቀመጠችው። "ዘጠኝ ቀን ነው። አንተ አብላቸው።"

ቤቷ ገባች። በሩን ዘጋች።

እነዋሪ ተመልሼ ሌላ ሰው ላኩ ማለት እችል ነበር። አልተመለስኩም። በረቱ አጠገብ ካለው ጎጆ ውስጥ ጭድ ላይ አደርኩ፣ በማግስቱም አደርኩ። ጎረቤት ያልፋል፣ በሬዎቹን ያያል፣ እኔን አያይም። ምሳዬ በር ላይ ተከድኖ ይቀመጥልኛል፤ ማን እንዳስቀመጠው አላይም። ጉድጓዱን በየጠዋቱ እከፍታለሁ። መኖው ሰምሮለታል። ሽታው ጣፋጭ፣ ቀለሙ ወርቅማ፣ ሻጋታ የሚባል ነገር ያልነካው፤ የሠራሁት ሥራ ሁሉ ትክክል ነበር። በቀን አራት ጊዜ ከገለባው ጋር እያመጣጠንኩ አበላኋቸው። በመጀመሪያው ቀን ወይዘሮ ኤልዳናን ፍለጋ በሩን እያዩ ይጮሁ ነበር። በሦስተኛው ቀን ተዉት። በአምስተኛው ቀን ኮቴዬን ሲሰሙ መነሳት ጀመሩ። ቡሬ ግርግሙን ትቶ ከመዳፌ መብላትን መረጠ፤ ዳልቻም ያንን አይቶ ለመደ።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት መኪናው መጣ። ሁለት ሠራተኞች ገመድና ዱላ ይዘው ወረዱ፤ የጅሩ ሰንጋ መኪና ላይ ሲወጣ እንደሚያስቸግር ተነግሯቸዋል። ሰንጋዎቹን ሲያዩ አንደኛው ያፏጨው በአድናቆት ነው።

ገመዱ አላስፈለገም። ጉድጓዱ ውስጥ ገብቼ በሁለት እጄ መኖ አፈስኩ። መወጣጫውን ቀድሜ ወጣሁ። ቡሬ ተከተለኝ፣ ዳልቻም ተከተለው፤ እኔ ከፊት እጄን ዘርግቼ፣ እነሱ እየበሉ፣ ሦስታችንም ወጣን።